ቃሲም የሠራቸው ቤቶች

ቃሲም አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሀያ አንዱን ዓመት ግንብ ሲያቆም ኖሯል። ከሚሴ ውስጥ ከአስፋልቱ በላይም በታችም የሠራቸውን ቤቶች አንድ ጊዜ ሊቆጥር ተነሥቶ ስልሳ ላይ ሲደርስ ተወው። ባጃጅ ተሳፍሮ በሰፈር ውስጥ ሲያልፍ በጣቱ እያመለከተ «ይቺ የኔ ናት። ያቺም የኔ ናት» ማለት ይወዳል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ስለሚያውቁት አንዳንዴ እሱ ሳይጀምር ቀድመው «ያቺም ያንቱ ናት አያ ቃሲም» እያሉ ይቀልዱበታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው «የመንግሥት ሥራ ላይ ለመግባት የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልግሃል፤ መጀመሪያ ሦስት ወር ሠልጥን» ሲሉት ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። ለሚስቱ «የግንበኛ ማንኪያ አያያዝ ሊያስተምሩኝ ነው» አላት። ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን ሄዶ ተመዘገበ። ምን ያድርግ? አዲስ የሚሠሩት ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ያለ ወረቀት አያስገቡም።

ሥልጠናው «ኃይል ቆጣቢ የቤት አሠራር» ይባላል። ሠልጣኞቹ አሥራ ስምንት ናቸው፤ ከቃሲም በቀር ሁሉም ከሠላሳ በታች። አሠልጣኟ ኢልሃም የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ተምራ፣ ጥቂት ዓመት ሥራ ላይ ቆይታ ተመልሳ የመጣች የሃያ ሰባት ዓመት ሴት። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ግን የጠየቀችውን ጥያቄ መልስ ሳታገኝ አታልፍም።

«ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አብዝታ የምትመታው የትኛውን ግድግዳ ነው?» ብላ ጠየቀች በመጀመሪያው ቀን።

ቃሲም ከኋላ ሆኖ «ፀሐይማ የአላህ ናት፤ ሁሉንም ትመታለች» አለ።

ክፍሉ ሳቀ። ኢልሃምም ፈገግ አለች። «እውነት ነው አያ ቃሲም» አለችው፣ «ቤቱ ግን የሰው ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዳቸው አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ ደብተር ሰጠቻቸው። ሥራው ቀላል ነበር። ሁሉም በሚገባ የሚያውቃቸውን አምስት ቤቶች ይመርጣል፤ በቀን አንድ ቤት እየሄደ ከዙህርና ከአስር ሶላት መካከል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የቤቱን ውስጥ ይለካል። ከዚያ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ለክቶ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያሰፍራል። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ ለከሚሴ ሰው የሚያዝያ ፀሐይ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ቃሲም አምስቱንም ራሱ ከሠራቸው ቤቶች መረጠ። እነዚህ ልጆች የሰው ቤት ይለኩ፤ እሱ የራሱን ሥራ ያሳያቸዋል።

የመጀመሪያው የፋሪዳ ቤት ነበር። ባሏ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ቤቱን ከሦስት ዓመት በፊት ቃሲም ነው የሠራላቸው። ንጹሕ የብሎኬት ቤት፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ወደ መንገዱ የዞረ ሰፊ መስኮት። ሲደርስ ፋሪዳ ውጭ ናት። ግድግዳው በጣለው አንድ ክንድ በማትሞላ ጥላ ውስጥ ጀርባዋን አስደግፋ ተቀምጣ፣ የአርባ ቀን ልጇን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«ልጁ አሞታል እንዴ?» አላት ደንግጦ።

«ኧረ ደህና ነው፣ አልሀምዱሊላህ። ቤቱ ነው እንጂ።» በሩን በአገጯ አመለከተችው። «ይግቡ፤ ክፍት ነው። መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩም ቆሟል።»

ቃሲም ገባ። ከደጃፉ አንድ እርምጃ እንዳለፈ ትኩስ አየር ፊቱ ላይ ተለጠፈ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቤቱ ጨለማ ነው፤ ሆኖም ከላይ ቆርቆሮው እየተነፋ ጧ ጧ ይላል። መለኪያውን በመሐል ቤት ይዞ ቆመ። ቁጥሩ ሠላሳ አምስትን አለፈ፤ ሠላሳ ሰባትን አለፈ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። መለኪያውን አራገፈው። ዘቅዝቆ አየው። ያው ሠላሳ ዘጠኝ። ወጥቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ዋንዛ ሥር ሲይዘው ሠላሳ ሁለት አሳየው።

«ሞቀዎት አይደል?» አለች ፋሪዳ። «ኩን መነ ሚቲ፣ ኢቢዳ ነው አያ ቃሲም!» ቤት አይደለም፣ እሳት ነው ማለቷ ነው። ወዲያው ደግሞ ሳቀች። ቅር እንዳይለው ብላ እንደሆነ ገባው፤ ቅር ያለውም ያን ጊዜ ነው።

ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የውጩን ሠላሳ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብዕሩ ቆመ። «ዕቃው የተበላሸ ነው» አለ ለራሱ። «የተበላሸ ዕቃ ያለውን መጻፍ ደግሞ ውሸት መጻፍ ነው።» የውስጡን ሠላሳ አንድ ብሎ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ።

እግሩ ግን ወደ ቤቱ አልወሰደውም። ታችኛው ሰፈር ውስጥ የአንድ አዛውንት የጭቃ ቤት ነበር፤ ወፍራም ግድግዳ፣ የሣር ጣሪያ። ቃሲም ያንን ቤት አፍርሰው በብሎኬት እንዲሠሩ ስንት ጊዜ ለምኗቸዋል። ሰላምታ ሰጥቶ ገባና መለኪያውን አወጣ። ሃያ ሰባት። አዛውንቱ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» ሲሉት «ሰዓት ነው» ብሏቸው ወጣ። ለምን እንደዋሸ እሱም አያውቅም።

በሁለተኛው ቀን ሠላሳ ስምንት ለክቶ ሠላሳ ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን አርባ ለክቶ ሠላሳ አንድ። በአራተኛው ቀን ለክቶ ሲወጣ የቤቱ ባለቤት በሩ ላይ አግኝቶት «ቃሲም፣ እንደው ይኼን ጣሪያ አንድ ነገር ብታደርግልኝ…» ብሎ ሲጀምር «ቸኩያለሁ» ብሎ ጥሎት ሄደ። ሠላሳ ዘጠኙን በቃሉ ይዞ ሠላሳ ብሎ የጻፈው ባጃጅ ውስጥ ነው። የዚያን ቀን ባጃጁ በሰፈሩ ሲያልፍ ጣቱን አላነሣም። ሾፌሩ «ዛሬ ምነው ዝም አሉ?» ቢለው «ንዳ» አለው።

ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሣል። ተቀምጦ ሻይ መጠጣት አቃተው። መስጊድ ውስጥ ስግደት መሐል ሦስተኛው ረከዓ ይሁን አራተኛው ጠፍቶት ቆሞ ቀረ። ሚስቱ «እባጭ ያለበት ሰው መሰልክ፤ ተቀመጥ እንጂ» ትለዋለች። ይቀመጣል። ወዲያው ይነሣል።

አርብ ጠዋት ኢልሃም ደብተሮቹን አየች። ሳዳም የሚባለው ወጣት ቁጥሩን ቆሞ አነበበ፤ የመጨረሻው የወላጆቹ ቤት ነበር፤ ውጭ ሠላሳ ሦስት፣ ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ። ሳዳም አንብቦ ሲጨርስ ቃሲምን ላለማየት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ያንን ቤት ማን እንደሠራው ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ኢልሃም የቃሲምን ደብተር ገልጣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«የአያ ቃሲም ቤቶች ከዛፍ ጥላ ይቀዘቅዛሉ» አለች። በፌዝ አይደለም፤ እንዲያውም በፌዝ ብትለው ይሻለው ነበር። «አምስተኛው ባዶ ነው።»

«ዛሬ ነው የምለካው።»

«እሺ። ሰኞ አብረን እናየዋለን።»

አምስተኛው የእኅቱ የሀዲጃ ቤት ነው። ቃሲም ሆን ብሎ ነው ለመጨረሻ ያቆየው። ሀዲጃ በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ሰንበቴ ገበያ ቅቤ እያወረደች ያሳደገችው እሷ ናት። የመጀመሪያዋን የግንበኛ ማንኪያውንም የገዛችለት እሷ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ባሏ ሲሞትባት ቃሲም ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ ይህን ቤት ሠራላት። እያንዳንዱን ብሎኬት በጣቱ እያንኳኳ ነው የመረጠው። ግድግዳው ላይ ቱንቢ ቢጣል ዛሬም የፀጉር ታህል አያዛንፍም። ይህ ቤት አያሳፍረውም፤ ይህኛውን ያለ ሐሰት ይጽፈዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርስ ሀዲጃ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሁልጊዜም ከሰዓት ሲመጣ እዚያው ነው የሚያገኛት፤ ጨዋታ ትወዳለች እያለ ያስብ ነበር።

«ቃሲሜ! ና ተቀመጥ። ውሃ ላምጣልህ።»

«ቤቱን ክፈቺልኝ እትዬ።»

«ቤቱን ምን ልታደርግ? እዚሁ ነፋስ አለልህ።»

«ለሥልጠናው ነው። አንድ ነገር ለማየት ነው፤ ቶሎ እወጣለሁ።»

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሀዲጃ ከሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ቁልፍ እየፈታች ብዙ ቆየች። በሩ ሲከፈት ቃሲም ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ገባ። ፍራሹ ተጠቅልሎ ከበሩ ጥግ ቆሟል። አልጋው ባዶ ነው። መደርደሪያው ላይ ጠዋት ሲመጣ የሚያየው የደም ግፊት መድኃኒቷ የለም።

«መድኃኒትሽስ?»

«እነሱ ቤት ነው» አለች በእጇ የጎረቤቷን የጭቃ ቤት እያሳየች። «ሐኪሙ ከሙቀት አርቂው ብሎኛል።»

መለኪያው አርባ አንድ አለ።

ቃሲም መለኪያውን ይዞ ቆመ። ላቡ ከቅንድቡ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ገባ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ከሰዓት በኋላ ውጭ የምትውዪው?»

«ከመቼ ምን አለው? ከገባሁ ጀምሮ ነዋ።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«ኧረ ክረምቱን ደህና ነው፤ አታጋንነው። ጠዋትም ደህና ነው። ከዙህር እስከ መግሪብ ብቻ እኮ ነው።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?» ድምፁ ከፍ አለ። ውጭ ያሉት ሴቶች ወደ በሩ ዞሩ።

«ምን ብዬ?» አለች ሀዲጃ። «ወንድሜ በላቡ የሠራልኝን ቤት ሞቀኝ ልበል? ነውር አይደለም?» ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ውጭ እየጎተተችው «ቤቱማ ያማረ ነው፤ ያየው ሁሉ ያመሰግንሃል» አለችው።

ይህን ባትለው ይሻለው ነበር። ውሃውን ሳይጠጣ ሄደ። በአስፋልቱ ወረደ፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ታጠፈ፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ለምን እንደመጣ ጠፍቶት ተመለሰ። በየመንገዱ የሱ ቤቶች ቆመዋል፤ ያቺ የኔ ናት፣ ያቺም የኔ ናት። በየአንዳንዱ በር ላይ ሰው ውጭ ተቀምጧል። እስከ ዛሬ አይቶት የማያውቀው ይሄ ነው። ሴቶች በግድግዳ ጥላ፣ ሽማግሌዎች በሱቅ በረንዳ፣ ሕፃናት በቆመ ጋሪ ሥር። የከሚሴ ሰው ደጅ መቀመጥ ይወዳል ይባላል። ወዶ ነው ወይስ ቤቱ አስወጥቶት?

ሰኞ ጠዋት ክፍል ሲገባ አልተቀመጠም። ኢልሃም ገና ሰላምታ ስትሰጥ «አንድ ነገር ልናገር» አለ። «እዚያ ደብተር ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። መለኪያው ምንም አልሆነም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የፋሪዳ ቤት ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ሁለተኛው ሠላሳ ስምንት፣ ሦስተኛው አርባ፣ አራተኛው ሠላሳ ዘጠኝ። የእኅቴ አርባ አንድ።»

ሳዳም ቀና ብሎ አላየውም።

ኢልሃም አላመሰገነችውም፤ አልወቀሰችውምም። ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ አንድ በአንድ ጻፈችና ዞር አለች። «አሁን ምን ይደረግ ይላሉ?»

«እሱንማ አንቺ ንገሪኝ እንጂ!» ብሎ ጮኸ ቃሲም። «ለዚህ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

ከዚያን ቀን በኋላ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ባዶ ቆርቆሮ የቀኑን ፀሐይ እንዳለ ወደ ቤት እንደሚያወርድ፣ በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል አየር የሚተነፍስበት ክፍተት ካለ ግን ሙቀቱ እዚያው እንደሚቀር ተማረ። የቤት ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ መስኮቱ ትይዩ ቢሆን፣ በምዕራብ በኩል ታዛ ቢኖረው ቬንትሌተር ሳይነካ ሰው እንደሚተኛበት ተማረ። አፈርን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ለውሶ በመጭመቂያ ብሎኬት ማውጣትንም ተማረ። እጁ ከልጆቹ ሁሉ ቀድሞ ለመደው። ልቡ ግን አላረፈም። አንድ ነገር በተማረ ቁጥር አንድ ቤት ትዝ ይለዋል፤ «እዚያም ይህንን አላደረግሁም።»

በዚህ መሐል የሀጂ ሙሀመድአሚን ሥራ ደረሰ። ሀጂ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የታወቁ ሰው ናቸው፤ በደሴ መንገድ ዳር ትልቅ ቤት ሊሠሩ ሁለት ዓመት ሲያስቡ ቆይተው ሥራውን ለቃሲም ሰጥተውታል። መሬቱ ላይ መሠረቱ የሚቆፈርበት በኖራ ተሠምሯል፤ ቅዳሜ ቁፋሮ ይጀመራል። የፊቱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። የሚዞረውም ወደ መንገዱ፣ ወደ ምዕራብ።

ቃሲም ሐሙስ ሱቃቸው ሄደ።

«ሀጂ፣ ቤቱን ትንሽ እናዙረው» አለ። «መስታወቱን በሰሜን እናድርገው፤ በመንገዱ በኩል ጠበብ ያለ መስኮትና ሰፊ ታዛ ይሁን። እንደተሠመረው ከሆነ ከሰዓት በኋላ አይኖሩበትም፤ ወላሂ ነው የምልዎት።»

ሀጂ ሳቁ። «ከደሴ የሚመጣ መኪና ሁሉ እንዲያየው አይደል የምሠራው? ጀርባውን ላሳያቸው?»

«ሰው ያየዋል፤ እርስዎ ግን ይቃጠሉበታል።»

«ኤሲ አስገባለሁ።»

«መብራቱ በሳምንት ስንቴ እንደሚሄድ ያውቁታል።»

ሀጂ መሳቃቸውን አቆሙ። «ቃሲም፣ ያንን የሰፈሩን ቤት ሁሉ ስትሠራ እንዲህ ስትል ሰምቼህ አላውቅም። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ያኔ አላውቅም ነበር።»

«እንግዲህ ስማ። እንደተሠመረው የምትሠራ ከሆነ ቅዳሜ ና። ካልሆነም ግንበኛ ሞልቷል።»

ቃሲም ቆመ። ይህን ሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆታል። አንዴ «እሺ» ቢል ሁሉም ነገር እንደነበረው ይሆናል። «ይቅርብኝ ሀጂ» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ከሱቁ ወጥቶ ሃያ እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ከበሩ ደርሶ ቆመ። ተመልሶ ሄደ። እንደገና ተመለሰ። የሱቁ ልጆች እያዩት ስለነበር እንደ ረሳ ሰው ኪሱን ዳብሶ መንገዱን ቀጠለ። ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ሲያልፍ ሌላ ግንበኛ ከነሠራተኞቹ ገብቶ እየቆፈረ ነበር። ሚስቱ ያንን ሰሞን አላናገረችውም፤ አልፈረደባትም።

የሥልጠናው የመጨረሻ ወር የተግባር ሥራ ነው። ኢልሃም የሚታደስ ቤት ስትፈልግ ቃሲም የእኅቱን ቤት ሰጠ። ሀዲጃ ግን ስትሰማ በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቴን ልታፈርሱት ነው?»

«አናፈርሰውም እትዬ። ስህተቴን ላርም ነው።»

«እኔ ስህተት ነው አላልኩህም።»

«እኔ ነኝ ያልኩት። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝና በሩን ልቀቂልኝ።»

ሀዲጃ አየችው። በሁለት ወር ውስጥ ጉንጩ ጎድጉዷል። ፍራሿን አንሥታ ወደ ጎረቤት ሄደች።

ሥራውን በመጀመሪያው ቀን ሊያበላሸው ነበር። በደቡብ ግድግዳ ላይ አዲስ መስኮት ሊከፍቱ ነው። ኢልሃም ግድግዳው ከመቆረጡ በፊት ከላይ ያለው በደንብ በእንጨት ይደገፍ ብላ ነበር፤ ቃሲም ግን ቸኩሏል። «ግድግዳው የኔ ነው፤ አውቀዋለሁ» ብሎ መዶሻውን አነሣ። አራተኛው ምት ላይ ከላይ ሦስት ብሎኬት ተነቅሎ ወረደ። አንዱ የሳዳምን ትከሻ ጨርፎት ሸሚዙን ቀደደው።

«ዛሬ በቃ» አለች ኢልሃም።

«ገና ሦስት ሰዓት ነው! አሁኑኑ ደግፈን…»

«አያ ቃሲም። ዛሬ በቃ አልኩ። ቤቱ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል፤ አንድ ቀን ይጠብቃል።»

ሁሉም ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ቃሲም ቤቱን ሲዞረው ዋለ። ድጋፉን ብቻውን ሊያቆም ሞከረ፤ ተወው። ሳዳም ቤት ሄዶ ትከሻውን አየለት። «ይቅር በለኝ» ሲለው ልጁ አፍሮ «ምንም አልሆንኩም እኮ» አለ። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ፣ ኢልሃም እስክትመጣ መዶሻ ሳይነካ፣ እጁን ከኋላ አጣምሮ ቆሞ ጠበቃት።

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። የምዕራቡን መስኮት ደፈኑት፤ በሰሜንና በደቡብ ትይዩ መስኮት ከፈቱ። ቆርቆሮውን አንሥተው ጣሪያውን ከፍ አደረጉትና ከጫፍና ከጫፍ መተንፈሻ ተዉለት። ከጨፋ ረግረግ ደንገል አስመጥተው በኮርኒስ ፋንታ ረበረቡት፤ ላዩን ጭድ በገባበት ጭቃ መረጉት። በምዕራብ በኩል ሰፊ ታዛ ወጣ። ቆርቆሮው ነጭ ተቀባ።

ሥራው ባለቀ በሦስተኛው ቀን፣ ክረምቱ ገና አልገባምና ፀሐዩ እንደ ልማዱ ሲጋረፍ፣ ሀዲጃ ፍራሿን መለሰች። «እስቲ ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ጋደም አለች። ጎረቤቶቿ ቤቱን ሊያዩ ገብተው ጣሪያውን ቀና ብለው እያዩ ሲያወሩ፣ እሷ መሐላቸው እንቅልፍ ወሰዳት። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቤት። ውጩ ሠላሳ ሦስት ነበር፤ ውስጡ ሃያ ዘጠኝ። ሳዳም ቁጥሩን እየጮኸ ሊናገር ሲል ቃሲም አፉን በእጁ ያዘው።

ያን ጊዜ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም። ስልሳ ቤት ነው፤ አንዱ ተነካ። ምዘናውን አልፎ ወረቀቱን በያዘ ማግስት የቤቶቹን በሮች ማንኳኳት ጀመረ። የፋሪዳ ባል ደስ ብሎት ተቀበለው፤ ልጃቸው ሊድህ ሲል ኮርኒሱ አልቆ ነበር። አንዱ ግን በሩን እንኳ በወጉ ሳይከፍት «ያኔ ሞያተኛ ነኝ ብለህ የሠራኸውን ዛሬ ስህተት ነው ትለኛለህ? እንደገና ላሠራህ?» ብሎ አመናጨቀው። ሰውዬው እውነቱን ነው። ቃሲም አንገቱን ደፍቶ ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

በመስከረም ዘይቱና የምትባል የባቲ ሴት መጣች። ግመልና ፍየል ነጋዴ ናት፤ ኮስታራ፣ ቃል የማታበዛ። ከሚሴ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ሀዲጃ ቤት ቀትር ላይ ተቀምጣ ነበር። «እንዲህ ያለ ቤት ባቲ ላይ ትሠራልኛለህ?» አለችው ቃሲምን።

ቃሲም ድሮ ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ንድፉን በእንጨት መሬት ላይ ይሥልላት ነበር። «መጀመሪያ መሬቱን ልይ» አለ። «አንድ ቀን ሙሉ።»

«መሬት ለማየት አንድ ቀን?»

«መሬቱን አይደለም። ፀሐዩን ነው።»

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ከተማው ጭር ሲል ሄደ። ገና ጎህ ሲቀድ ባዶው መሬት ላይ ደረሰ። ኢልሃምም አብራው መጥታ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ «ሲጨርሱ ይደውሉልኝ» ብላ ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ቃሲም አንድ ረጅም እንጨት መሐል ላይ ተክሎ የጥላው ጫፍ በሄደበት ሁሉ ችካል እየመታ ተከተለው። ተቀምጦ መጠበቅ አልቻለም፤ ይነሣል፣ ይዞራል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አፈር በትኖ ያያል፣ ተመልሶ ያጎነብሳል። ወደ ቆላ የሚመለሱ ግመል ነጂዎች ቆመው አዩት። አንዱ በኦሮምኛ የጠፋበት ነገር እንዳለ ጠየቀው።

«የለም» አለ ቃሲም። «እየጠበቅሁ ነው።»

ቀትር ላይ ዘይቱና ምግብ ይዛ መጣችና ጃንጥላዋን ዘርግታ አጠገቡ ቆመች። ችካሎቹን አየች፤ እሱንም አየችው። «አሁን አሥምርልኝና ልሂድ» አለች። ኖራው በጆንያ ውስጥ ከጎኑ ነበር። ቃሲም እጁን ወደ ጆንያው ሰደደና መለሰው።

«ፀሐይዋ ገና ወደ ምዕራብ አልዞረችም» አለ። «በይ፣ አንቺ ግቢ። እኔ ፀሐይ ገብታ መግሪብ እስኪደርስ አለሁ።» ጉርሻውን ቆሞ ጎርሶ ወደ ቀጣዩ ችካል ሄደ።